አራት ቀሚስ ይዘን ወደ እንጦጦ

ይህ ጉዞ አርባ ሁለት ብር አስወጣኝ፤ ግማሹ ጨርቅ ነው። ለጨርቅ ነጋዴ በአንድ እሑድ ይህን ያህል ማውጣት ያማል። ሱቄ ጓዳ ተቀምጣ ቀሚስ የምትሰፋው አስካለ ግን ለምናኝ አታውቅም፤ ያን ሰሞን ለመነችኝ።

ወንድሟ ጋሽ ደምሴ «የኛ ዘር ለሰው ሲሰፋ አይኖርም፤ ወደ ቤትሽ ነይ» ብሎ ከእንጦጦ ልኮባታል። እሷ ደግሞ «መጀመሪያ ሥራዬን ይይልኝ» አለች። ቀሚስ ተሰቅሎ አይታይም ባይ ናት። የአንዲት ሴት ዕድሜ በአራት ልብስ፣ በቲያትር፣ እዚያው ግቢው ውስጥ እናሳየው አለች።

ንጋት፣ ቀበና

ድልድዩ ላይ ጉም ተኝቷል። አስካለ፣ ተዋናይዋ ዘነበች፣ እኔ፣ በአንሶላ የተጠቀለሉ ቀሚሶች። ዘነበች የሰፈራችን ጠጅ ቤት አስተናጋጅ ናት። የታክሲው ሹፌር ስድስት ብር ብሎ በአምስት ተስማማ።

«ጋሼ፣ ሰርግ ነው?»

«ቲያትር ነው።»

«ማነው የሚጫወተው?»

«ልብሱ።»

ከዚያ ወዲያ እየነዳ በመስተዋቱ ያየኝ ነበር።

ሁለት ሰዓት፣ ዳገቱ

መኪናዋ ባሕር ዛፉ መሃል ተንፍሳ ቆመች። «ይቺ ቁልቁለት ነው የምትወደው» አለ ሹፌሩ፤ እስክንመለስ እዚያው ሊተኛ ተስማማ። የቀረውን በአህያ፣ አንድ ብር። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቆም ብለው ጥቅላችንን ያያሉ።

«ሰካራም ሲደናቀፍ ስስቅ ኖሬ ዛሬ ተራዬ ደረሰ» አለች ዘነበች፣ ተረከዛም ጫማዋን በእጇ ይዛ። አስካለ አልሳቀችም።

አራት ሰዓት፣ ጋሽ ደምሴ ግቢ

ጎረቤቱ ከቅዳሴ መልስ ሞልቷል። ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። በቅሎዋን በኮርቻ አስጭኖ ጠበቀን፤ «የልብስ ስፌት መኪናሽን የምታመጣው እሷ ናት» አላት።

ዘነበች በልጃገረድ ቀሚስ ውሃ ቀዳች፤ በሙሽራ ቀሚስ አቀርቅራ ተቀመጠች፤ በእናት ቀሚስ ልጅ አዘለች። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔም ትእዛዝ መቀበያ እርሳሴን ቀረጽኩ።

በአራተኛው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ መሬት ቁጭ አለች። ጭብጨባው ቆመ። አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሸክሟን ጥላ ገባች። «ማን ሞተ?» አለችና መልስ ሳትጠብቅ ደረቷን መታች። ያን ጊዜ ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ወንዶቹ ባርኔጣ አወለቁ። «ቲያትር ነው» ብል ማን ይስማኝ። አንዲት አሮጊት ዘነበችን አቅፈው «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» ሲሏት፣ እሷም የእውነቷን አለቀሰች።

በሰው ደህና ግቢ ልቅሶ ማስገባት ሟርት ነው። ጋሽ ደምሴ ሲነሳ፣ አለቀልን አልኩ።

«አስካለ፣ እንዲህ አድርጎ መልበስ ማን አሳየሽ?»

«እማማ። አባባ የተቀበረ ዕለት እንዲህ ነበረች፤ ግራ እጇ ከጥለቱ ሥር። አንተ ኦጋዴን ነበርክ፣ ወንድም ጋሼ።»

የዘነበችን ግራ እጅ አየ። ከዚያ ሄዶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠና፣ ያልቀበረውን አባቱን አለቀሰ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ መልስ

ጎረቤት ንፍሮ አመጣ፤ ልቅሶ ነውና በላን። ቀሚስ ያዘዘ የለም፤ ልቅሶ ላይ ዋጋ አይጠየቅም። ጋሽ ደምሴ የበቅሎዋን ኮርቻ አውርዶ መኪናዋ ድረስ ሸኘን። «የስፌት መኪናሽ እዚያው ሱቁ ይሁን» አላት። የሐዘኑ ነጠላ እሱ ትከሻ ላይ ቀርቷል። ልጠይቀው አልኩና ተውኩት።

መኪናዋ ቁልቁለቱን በደስታ ወረደች። አስካለ ስለ አምስተኛ ቀሚስ ታወራለች።

ወጪ፣ አርባ ሁለት ብር። ገቢ፣ የለም።