ሽግሽግ የማታውቅ ዶሮ

ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው መንደር እናኑን ደፍሮ የሚናገራት ሰው አልነበረም። ቀድሞ እንዲህ አልነበረችም ይላሉ የሚያውቋት። እሷ ግን «ድሮም ያው ነኝ፤ የሚያስከፋኝ ጠፍቶ ነው» ትላለች። የሚያስከፋት በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ መጣ። ሟች ባሏ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበርና ቤቱ የድሮው ሥርዓት ሹመኛ፣ «ቢሮክራሲ»፣ ተብሎ ተፈረጀ። ከጓሮዋ በታች ያለው ቀይ መሬት በገመድ ተለክቶ ለጎረቤቷ ለባምላኩ ተሰጠ። ገመዱን ከያዙት የኮሚቴ ሰዎች አንዱ ራሱ ባምላኩ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱ «እትዬ» ማለቱንም አንቱታውንም ተወ፤ እሷም ሰላምታዋን ነሳችው። በዚያ በኩል አጥር አላጠረችም።

«ካጠርኩማ የሱ ነው ብዬ ፈረምኩ ማለት አይደል?»

ልጅ አልወለደችም። የነበረቻት አንዲት ገብስማ ዶሮ ናት፤ እንቁላል መጣል ካቆመች የቆየች፣ ሲጠሯት የምትመልስ፣ ከእናኑ መደብ ሥር የማትጠፋ።

በግንቦት አንድ ማለዳ ገብስማዋ ከቆጧ አልወርድም አለች። ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ከድና፣ ላባዋን አቁማ ተኮፈሰች። እሳት ልትጭር የመጣችው ጎረቤቷ ሸጋዬ አየቻትና፣ «ፈንግል ነው፤ ሳትሞት አሳርጃት» አለች።

«ማን ይረድልኛል?»

«የቅርቡ ወንድ ባምላኩ አይደል?» ሸጋዬ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«እሳትሽን ይዘሽ ውጪልኝ!»

ፈንግል ግን አንድ ቤት ብቻ ገብቶ አያውቅም፤ ከገባ መንደር ይጠርጋል። እናኑ ዘንጓን ይዛ በየደጁ እያዘገመች የሰዉን ዶሮ ትቃኝ ገባች። የወደቀ ክንፍ ፈለገች፤ ነጭ ኩስ ፈለገች። እውነቱን ለመናገር ብታገኝ ደስ ባላት ነበር። የመንደሩ ሁሉ ዶሮ ሲያልቅ ማንም ዳኛ አይፈልግም፤ የአንድ ሰው ዶሮ ብቻዋን ስትታመም ግን ጥፋተኛ ይፈለጋል። የሁሉም ዶሮ ደህና ነበር። የባምላኩ አውራ ዶሮማ ጭድ ክምር ላይ ወጥቶ ይጮሃል።

ተመልሳ ገብስማዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ደባበሰቻት። አንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢት ጢም ብሏል። በጣቷ ጫን ስትለው ውስጡ ትላልቅ ፍሬ፦ በቆሎ። እሷ ቤት በቆሎ ካለቀ ሰንብቷል። ምንቃሯን ፈልቅቃ ብታይ ምላሷ ቀላ ያለ ቀለም ይዟል። ምርጥ ዘር መድኃኒት ተለውሶ፣ ቀልቶ እንደሚመጣ፣ ዘንድሮም ባምላኩ እሱን እንደዘራ አገር ያውቃል።

«ባምላኩ! መርዝ በተንክልኝ?» ስትል ከጓሮዋ ሆና ጮኸች።

ባምላኩ እርፉን እንደያዘ ቀና አለ። «የዘራሁት ገዛ መሬቴ ላይ ነው። የዘሩ ከረጢት ላይ የራስ ቅል ተሥሎበታል፤ ዶሮሽ ፊደል ካልቆጠረች አስቆጥሪያት!»

«ገዳይ!»

«ዘሬን ለቅማ ጨርሳ፣ ገዳዩ እኔ? ይልቅ ውሃ ጋቻት። ደጋግመሽ ጋቻት፤ አለዚያ ትደፋለች።»

ይህ ምክር ገብስማዋን ሊጨርሳት ነበር። እናኑ ቤቷ ገብታ አሰበች፦ ጠላት ምን ብሎ ይመክራል? የሚገድለውን ነዋ! ውሃ ካለ የሚገድላት ውሃ ነው። አጠገቧ የነበረውን ውሃ ሳይቀር አነሳችባትና ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ጋተቻት። የገብስማዋ አንገት ወደ ጎን ዘመመ።

ያኔ እናኑ ማስረጃ ፍለጋ ወደ እርሻው ወረደች። ተንኮል ከሆነ ዘሩ ወደ ጓሮዋ ተጠግቶ ላዩን ተበትኖ ይገኛል፤ አፍሳ ለሽማግሌ ታሳየዋለች። ዘሩ ግን በየትልሙ በወጉ ተቀብሯል። የተማሰው እርሻው ውስጥ ካለው የብሳና ዛፍ ሥር ብቻ ነበር፤ የዶሮ ጥፍር ነው የማሰው። ገብስማዋ ከጫጩትነቷ ጀምሮ የምትጭረው እዚያ ነበር። ዶሮ ሽግሽግ አታውቅም።

ተንኮል ብታገኝ ይቀላት ነበር። ሰው የጠላቱን ክፋት እንደ ሀብቱ ያኖረዋል፤ ጎድሎ ሲያገኘው የተዘረፈ ያህል ይቆጨዋል። እናኑ ትልሙ ላይ እንደቆመች ሌላው ሐሳብ መጣባት፦ ተንኮሉ ከሌለ ምክሩም እውነት ነው።

ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። እስኪመሽ ድረስ ውሃ ጋተቻት። ገብስማዋ ቀይ ውሃ ቀዘነች፣ ተንቀጠቀጠች፣ በማግሥቱ በእግሯ ቆመች። አንገቷን ማቅናት እንደቻለች ቀጥታ ወደ ብሳናው ተንደረደረች። እናኑ ታቅፋ መለሰቻት። ዶሮዋ ጥቂት ቆይታ ዳግመኛ ወረደች።

እናኑ ችካል ቆርጣ አመጣችና ታጥር ጀመር።

ባምላኩ መጥቶ ቆመ። «እንዲህ ነው እንጂ! ድንበሩን አወቅሽው ማለት ነው።»

«የማጥረው ከመርዝህ ነው፤ ከመሬቴ አይደለም።»

«ከምንም እጠሪው፤ አጥር አጥር ነው።»

እናኑ ቀጣዩን ችካል አነሳችና ጀርባዋን ሰጥታው ትቀጠቅጠው ገባች።