ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ንድፎች

ባለፈው ሳምንት አዲስ የቀጠርነው ልጅ ሁለት የሶፍትዌር ንድፎችን አነጻጽሮ «ልዩነት የላቸውም» ሲለኝ፣ በእጄ የያዝኩት ትኩስ በቆሎ አስጠላኝ።

ከዓመታት በፊት ይህንኑ ቃል የሰማሁ ጊዜም ክረምት ነበር። ሰሚት፣ ጭቃው ደረጃ ድረስ በሚከተልበት ሕንፃ ላይ፣ አያት ላለ ክሊኒክ የበሽተኞች መመዝገቢያ ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ንድፉ ሳጥንና መስመር ነው፤ «ታካሚ»፣ «ቀጠሮ»፣ «የማይስማማ መድኃኒት» የሚሉ ሳጥኖች አሉ፣ መስመሩ የትኛው ከየትኛው እንደሚያያዝ ይናገራል። አሮጌውን አሻሽለነው፣ አዲሱ በዚያ ቀን ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ ሥራ ጀምሯል። ሁለቱን ንድፎች የሚያነጻጽረው ፕሮግራም ስምን ከስም አገናኝቶ «ልዩነት የለም» የሚለውን አረንጓዴ አብርቷል።

እኔን ግን ደስ አላለኝም። ግጥም እሞክር ነበርና፣ አንድም ቃል ሳይቀየር፣ ቦታው ብቻ ተዛውሮ ስንኝ ሲሞት አይቻለሁ። ሁለቱን ንድፎች ፕሪንት አድርጌ፣ ደራርቤ መስኮቱ ላይ ለጠፍኳቸው።

«ገጣሚው ደግሞ መጋረጃ ሰቀለልን!» አለ አለቃችን ቢኒያም። «አረንጓዴ ነው እኮ፣ ምን ቀረህ?»

ከቦሌ በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነበር። በቀረችው ብርሃን ሳጥኖቹ ልክ ገጠሙ። አንድ መስመር ግን አልገጠመም። «የማይስማማ መድኃኒት» በአሮጌው ንድፍ የተያያዘው ከታካሚው ጋር ነው፤ በአዲሱ ከቀጠሮው ጋር።

የሥራ ባልደረባችን ትዕግስት መስመሩን በጣቷ ተከተለችው።

«ቆይ፣ አዲስ ቀጠሮ በተከፈተ ቁጥር ማስጠንቀቂያው ይጠፋል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«አባዬ ዛሬ እዚያ ነው። ፔኒሲሊን አይስማማውም።»

አባቷ ጋ ደወለች፤ አያነሱም። የክሊኒኩም ስልክ ተይዟል። ቢኒያም የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። ጎርፉ አስፋልቱን ሸፍኖት፣ እየተንፏቀቅን አያት ደረስን።

አባቷ ጋሽ ታደሰ መርፌ ክፍሉ በር ላይ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ተራ ይጠብቁ ነበር።

«አንቺ! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የበሰበስሽው?»

«ምን ሊወጉህ ነው አባዬ?»

ነርሷ የታዘዘውን አየች። ፔኒሲሊን ነው። «ኮምፒውተሩ የማይስማማቸው ነገር የለም ይላል» አለች።

«ባለፈው ነግሬያችሁ የለም እንዴ!» ተቆጡ ጋሽ ታደሰ።

ትዕግስት አባቷን አቅፋ አለቀሰች። እኔም እፎይ ልል ነበር። ነርሷ ግን መውጫውን እያየች፣ «ከጠዋት ጀምሮ እኮ ስንቱ ተወግቶ ሄዷል» አለች ቀስ ብላ።

ከጠዋት ጀምሮ የተወጉትን ሰዎች ዝርዝር ተካፍለን እስኪመሽ ደወልንላቸው። ብዙዎቹ ደህና ነበሩ። ያላነሱም ነበሩ።

ለዚህ ነው አዲሱን ልጅ «ስሙን ተወው፤ ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ አሳየኝ» ያልኩት። ቅር ብሎት አቀረቀረ። ጠርቶ ጠርቶ ዝም የሚል ስልክ ምን እንደሚመስል በምን ቃል ልንገረው? እነዚያ ሰዎች ለምን እንዳላነሱ እስከ ዛሬ አላውቅም።