ከሳንቃው ማዶ ያለችው መኪና

ግጥሙን በአራት ቀን ጻፍኩት። ካሴት ላይ ለመቅዳት ግን አንድ ክረምት ፈጀብኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ካሴት ያስፈለገው ለክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ግጥም ደራሲ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ስለተለጠፈ ነው። ማስታወቂያው የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ላቋረጠ፣ ከዚያ በኋላ የተማረውን ሁሉ ከተዋሳቸው መጻሕፍትና ስኳር ከተጠቀለለባቸው ጋዜጦች ላገኘ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። «ሥራችሁን በካሴት ቀድታችሁ አቅርቡ» ብቻ ነው የሚለው። ባለፈው ዓመት ወረቀቱን የያዘ ሁሉ ቆሞ ሲያነብ መራጮቹን ምሳ አልፏቸው ነበር አሉ።

አጎቴ ደግሞ ቀነ ገደብ ቆርጦልኛል። ዳሪሙ ውስጥ የቡና መጋዘን ኃላፊ ነው። «መስከረም ሲጠባ ሥራ ከሌለህ ዳሪሙ ትወርዳለህ። ከረጢት መሸከም ግጥም አይፈልግም፤ ትከሻ ነው የሚፈልገው» አለኝ። አጎቴ ቀልድ አያውቅም። ዳሪሙ ከገባሁ የሚያዋሰኝ መጽሐፍም፣ ግጥሜን የሚሰማኝ ሰውም እንደማላገኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ያቺን ካሴት እንደምንም መቅዳት ነበረብኝ።

መቱ ውስጥ ካሴት የሚገለብጠው ሙዚቃ ቤት ከገበያው በታች ነበር። ባለቤቱ ከኔ ሰባት ስምንት ዓመት የሚበልጥ ቀጭን ሰው ነው፤ ማንም ሲናገር ዓይኑን ይጨፍናል። ሁለት ቴፕ አለው፤ የሚያገናኛቸው ሽቦ ግን የለውም። እንደተጣሉ ሰዎች ፊት ለፊት አፋጥጦ ያስቀምጣቸውና አንዱ ሲዘፍን ሌላው ይሰማል። የሚሰማው ታዲያ ዘፈኑን ብቻ አይደለም። ከሳንቃው ግድግዳ ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ከወደ ጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው መቱ ላይ ያረጁ። የእግር መኪናቸው ከጧት እስከ ማታ ጠጠጠጠ ትላለች፣ ትንሽ ታርፋለች፣ ደግሞ ጠጠጠ። እዚያ ቤት የተገለበጠ ካሴት ሁሉ፣ የፍቅር ዘፈኑም መንዙማውም፣ ከኋላው ይቺን መኪና ይዞ ይወጣል።

ጎሬ ያለችው የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን በሬዲዮ የምትወደው ዘፈን መጣላትና ፊቷን አጨማደደች።

«ቀንሰውታል» አለች።

«ምኑን?»

«ያቺን ጠጠጠ የምትለዋን። ሙዚቀኞቹ ሰንፈዋል።»

እኔ ግን ግጥሜ ከስፌት ጋር እንዲወጣ አልፈለግኩም። ግጥሙ ስለ በደሌ መንገድ ነው። ጭቃ ስለያዘው መኪናና አጠገቡ ስለቆምነው ሰዎች። ልብስ ሰፊውን ልለምን ገባሁ።

«ጋሼ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ቢያቆሙልኝ።»

«ለመስከረም ሁለት ሰልፍ ስልሳ ካኪ ታዟል። ኋላ ሲጠይቁኝ አንተ ሄደህ ‹ለግጥም ብዬ አስቁሜያቸው ነው› ትልልኛለህ?»

«አልልም።»

«እንግዲያው ልጄ፣ ከብርሃኔ ላይ ዞር በል።»

ቴፑን ተውሼ ቤቴ ወሰድኩት። ሐምሌ ነው፤ አፌን ስከፍት ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። በማግስቱ ሲያባራ ጠብቄ ጀመርኩ፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ መለሰው። ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ውስጥ ሞከርኩ፤ እዚያም ቆርቆሮ ነው። በመጨረሻ ባለ ሙዚቃ ቤቱ «ሶር ሂድ። ሰው የሌለበት ቦታ ነው» አለኝ። እኔም ሰው የሌለበት ማለት ድምፅ የሌለበት ማለት መስሎኝ፣ ቴፕ በጀርባዬ አዝዬ በጭቃ ወረድኩ። ፏፏቴ ዘንድ ለጸጥታ የሄደ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ተመልሼ ስከፍተው ካሴቱ ላይ ውኃ ብቻ ነው ያለው። ከውኃው ሥር አንድ ሰው እርዳታ የሚጠራ ይመስላል፤ እኔ ነኝ።

ነገሩ የባሰው የባለ ሙዚቃ ቤቱ ወንድም ለዕረፍት ሲመጣ ነው። ወንድሙ ከአሰብ የሚነሣ መርከብ ላይ ይሠራል። ከሩቅ ወደብ አንድ ካሴት ይዞ መጣ። የአሜሪካ ጥቁሮች ናቸው፤ አይዘፍኑም፣ ይናገራሉ፤ በከበሮ ላይ፣ በፍጥነት፣ የተቆጡ ይመስል። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱንም ገጽ ሰማ።

«ራፕ ይሉታል» አለ መርከበኛው። «ዋናው ግን ተናጋሪው እንዳይመስላችሁ። ከበሮውን የሚያበጀው ነው። እዚያ ሰዉ ማንም አፉን ሳይከፍት ‹ይሄ የእገሌ ከበሮ ነው› ብሎ ያውቃል። አንዱ በርሜል ውስጥ የወደቀ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ሌላው ከአሮጌ ዘፈን አንዲት ቁራጭ ይወስድና ያሽከረክራታል፤ ሄደች ስትል ትመለሳለች። ደወል የሚጨምርም አለ። እያንዳንዱ ምልክት አለው።»

«ምልክት» አለ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ሳንቃው ዞረ።

እንዳይለው ፈራሁ፤ አለው። «የኔ ምልክት እኮ ይሄውላችሁ! ከቡሬ እስከ በደሌ ካሴቴን የሚያውቁት በዚህ ነው።»

«ለስንት ዓመት ‹ገበያዬን አበላሹት› ስትል አልነበር?» አልኩት።

«አላወቅኩም ነበራ!»

«ድምፁ ደግሞ የጋሼ ነው፣ ያንተ አይደለም።»

«ጋሼ ይሰፋሉ እንጂ ድምፅ አያወጡም። ድምፅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

መርከበኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ካሴቱን የሚቀዳልኝ በስፌት መኪናዋ ድምፅ ላይ ከተናገርኩ ብቻ ነው አለ። ነሐሴ እየተጋመሰ ስለነበር እሺ አልኩ። የቴፑን አፍ ሳንቃው ላይ ለጥፎ ልብስ ሰፊው ረጅም እጅጌ ሲሰፉ ጠበቀ። ጥሩ ያላትን ቁራጭ ቀዳ፤ ማቆሚያዋን ተጫነ፤ ወደ ኋላ መልሶ ያቺኑ ቁራጭ ደግሞ ቀዳ፤ ደግሞ ተጫነ። እንዲህ እየቀጣጠለ ሦስት ደቂቃ ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀ። ጣቱ አበጠ። ጠጠጠ፣ ጠ፣ ጠጠጠ፣ ጠ። ሲጨርስ ጥሩ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ያናድደኛል።

«በል ተናገር» አለኝ።

ተናገርኩ። አስቆመኝ።

«ስንኝህ ትረዝማለች። ምንድን ነው ያልከው?»

«‹ሁላችን ከነሻንጣችን ቆመናል›።»

«ሻንጣዋን አውርዳት። መኪናዋ አትሸከማትም።»

«ሻንጣዋ እኮ ናት የስንኙ ነፍስ!»

«ነፍስ ከሆነች ሳትታይ ትኖራለች። አውርዳት።»

ለአንድ ሰዓት ተከራከርኩት። ስለ ግጥም አንድ ነገር የማያውቅ ሰው ስለ ግጥሜ ያዘኛል። በመጨረሻ ሻንጣዋን አወረድኩ፦

ጎማው ጭቃ ውስጥ ነው፣ ሹፌሩ ጋቢና፤
ሁላችን ቆመናል፣ መንገዱ ጠፍቷልና።

«ኩኖ!» አለ በኦሮምኛ፣ ይሄው እንደማለት፤ ጭኑን መታ። ሌሎች ስድስት ስንኞችንም እንዲሁ ቆረጠብኝ። አንዷ ላይ እናቱን ልሰድብ ምንም አልቀረኝም።

የመራጮቹ ቀን መጣ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ መካከለኛው ሰብሳቢው ነው። ካሴቴን ከተቱ። ገና ጠጠጠ ሲል፣ ድምፄ ሳይሰማ፣ በግራ ያለችው ሴት «ይሄማ ከገበያው በታች ያለው ቤት ነው!» አለች። ሳልናገር ታወቅኩ፤ ማለቴ፣ እኔ ሳልሆን እሱ ታወቀ። የሁለቱ መራጮች እግር ጠረጴዛው ሥር መምታት ጀመረ። ሲያልቅ ሰብሳቢው ወደ ፊት አዘነበለ።

«መኪናዋን የሚጫወታት ማነው?»

«አይጫወቷትም ጓድ፣ ይሰፉባታል። ግጥሙ ግን—»

«ግጥሙን ሰማነው። ያለ መኪናዋ አንዴ በለው እስቲ።»

ይቺን ነበር የምጠብቀው። ቆምኩ፤ ጀመርኩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ እግሬ ወለሉን እየመታ እንደሆነ አየሁ። እግሬን ስገታው ምላሴ ተያዘ። ስንኞቹ በስፌት ልክ ተቆርጠዋል፤ ስፌቱ ሲነሣ እንደተተረተረ እጅጌ ተንጠለጠሉ። የራሴን ግጥም ረስቼ ቆምኩ።

ሦስቱ ተንሾካሾኩ። ዳሪሙ ከነከረጢቱ ታየኝ።

«ይሄ የላብ አደሩ ድምፅ ነው» አለ ሰብሳቢው ቀና ብሎ፣ ነገሩን ያገኘው እሱ ይመስል። «መድረክ ላይ የስፌት መኪና! የትኛውም ክፍለ ሀገር የለውም። ሰፊውን ይዘኸው ከመጣህ ተቀብለንሃል።»

«ብቻዬንስ ጓድ?»

«ብቻህንማ አየነህ።»

በቀጥታ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ። ካኪ እየተኮሱ ነበር። ነገርኳቸው። ካውያውን አቁመው አዩኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ አዝማሪ ልታደርገኝ?»

«አዝማሪ አይደለም ጋሼ፤ ኪነት ነው።»

«ሰው ፊት ተቀምጠህ ድምፅ ካሰማህ አዝማሪ ነህ። ለልጆቼ ምን ልበላቸው?»

«መኪናዋን እንኳ ያውሱኝ።»

«ሚስትና የስፌት መኪና አይዋሱም።»

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የምሄድበት ስላልነበረኝ ነው እንጂ ላሳዝናቸው ብዬ አይደለም። አንድ ኪስ ሰፍተው ጨረሱ። ሌላ ጀመሩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «የልጅ ችክታ! ና ተቀመጥ» አሉኝ። «እኔን ካላገኙ እግሬን ይውሰዱ። ተረከዝህን አትጫን፣ በጣትህ ነው። ኧረ በጣትህ! ይሄ ምን ዓይነት እግር ነው፣ ግጥም የሚጽፈውም በዚሁ ነው?»

ዐሥራ አንድ ቀን አስተማሩኝ። የስልሳውን ካኪ ቀጥታ ስፌት ግማሹን ያስጨረሱኝ እኔን ነው። ለማስተማር ይሁን ለጉልበቴ እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም።

ኪነት ቡድኑ ተቀበለኝ። ደመወዝ አለው፣ ፍራሽ አለው፤ ዳሪሙ ቀረ። አጎቴ ሰምቶ «ምን ላይ ተቀጠረ?» ሲል እናቴ «መኪና» ብላ መለሰችለት፤ ሹፌር መስሎት ደስ አለው። ከቡድኑ መጋዘን አንድ አዲስ የስፌት መኪና አወጡልኝ። ከዚያ ሰብሳቢው መጣና እግሩም አፉም የሚሠራ ሰው ለዓይን ይከብዳል አለኝ። ግጥሙን የሚለው ትከሻው ሰፊ የሆነው ዘፋኝ ነው፤ እኔ ከኋላ ሆኜ እሰፋለሁ። ደራሲ ተብዬ ገብቼ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ክር እንኳ አልሰጡኝም።

የመጀመሪያው ትርኢት ጎሬ ነበር። ዘፋኙ ግጥሜን እንደ ራሱ አድርጎ ተናገረው። ሰዉ አጨበጨበ፤ አንድ ሽማግሌ «መንገዱ ጠፍቷልና» የምትለዋን እየደጋገሙ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሻንጣዋን ማንም አልፈለጋትም። እኔ ጣቴ ላይ ነበርኩ።

ስንወርድ ባለ ሙዚቃ ቤቱ መድረኩ ሥር ቆሟል። ከመቱ በጭነት መኪና መጥቶ ነው። እንኳን ደስ አለህ ሊለኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም» አለኝ።

«ምን?»

«ዘይት በዝቶባታል፤ ጠፍሯም ጠብቋል። ከኋላህም መጋረጃ ነው ያለው፣ ሳንቃ የለም። ካሴቴን የሚያውቅ ሰው ሰምቶ ምን ይለኛል?»

«ሰውዬ፣ ሂድልኝ!» አልኩት። «ግጥሜን ሸረከትከው፣ መድረክ ላይ እግር ብቻ አስቀረኸኝ። አሁን ደግሞ ስለ ዘይት ትነግረኛለህ?»

«አትቆጣ። ግን ሰምተኸዋል።»

ሰምቼዋለሁ። የማይለቀኝ ነገር ይሄ ነበር። ሲያጨበጭቡ ራሱ እየሰማሁት ነበር። አዲሷ መኪና በጣም ልሙጥ ናት፤ ስታርፍ አታቃስትም። የጋሼ መኪና ከማረፏ በፊት አንዲት ግማሽ ምት ታቃስታለች፤ «ሹፌሩ ጋቢና» የሚለው የተቀመጠው እዚያች ላይ ነው። ያለሷ ስንኙ ይንሸራተታል።

በማግስቱ ጧት፣ ሌሎቹ ቁርስ ሲሄዱ፣ ከአዳራሹ ጓሮ ሁለት ሳንቃ ጎትቼ ከመኪናዋ ኋላ አቆምኩ። ዘይቱን በካናቴራዬ ጠረግኩ። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ከሳንቃው ማዶ ሄዶ ጆሮውን ለጠፈ። ጠፍሩን አላላሁና ረገጥኩ።

«አሁንስ?»

«ቀርቷታል።»

ደግሞ አላላሁ። ዘፋኙ ዳቦ እያኘከ መጣና ወረቀት ፊቴ ዘረጋ።

«ደራሲው፣ ‹ሁላችን ቆመናል› ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። የምትቀየር ቃል የለችም?»

«ቆይ» አልኩት፤ ካቻቪቴውን ከአፌ ሳላወጣ። «አሁንስ?»

«ትንሽ» አለ ከማዶ። «በጣም ትንሽ።»