የኬሱማ ተራ

እኛ መንደር ሽማግሌዎች ከተቀመጡ ቶሎ አይነሱም። ከነገሌ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ጧት የተጀመረ ጉባኤ ከብት እስኪገባ ይውላል፤ አንድ ሰው እንኳ ቅር ካለው ነገሩ አይቋጭም። ሁሉም ሲስማማ አንዱ ሽማግሌ ይመርቃል፣ የቆመውም የተቀመጠውም «ናጋ» እያለ ይቀበላል። ሰላም ማለት ነው። ናጋ ከተባለ በኋላ መመለስ የለም።

ይህን ጉባኤ እወደው ነበር፣ አልዋሽም። ቤቱ የተቃጠለበትን የሚያሠራለት፣ የተጣላ የሚያስታርቀው፣ ከብት ያለቀበትን ከየበረቱ አዋጥቶ የሚያቋቁመው እሱ ነው። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ወታደሩ አባቴ ባዶ እጁን ቀረ። ያኔ ጊደር ሰጥተው ያቆሙት እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው። ቆመው የለመኑለት ደግሞ ባልንጀራው ነበሩ፣ እኛ ልጆቹ «አባባ» የምንላቸው፣ እናቴም እርጎ ሳታቀርብ የማትሸኛቸው ሰው። ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ፤ አፌ ለምዶ እንጂ ልቤስ ከተወ ቆይቷል።

አባባ እናቴን «ኬሱማ ኬኛ» ይሏት ነበር፤ በኦሮምኛ «እንግዳችን» ማለት ነው። ኬሱማ መሆን ትልቅ ክብር ነው። ወተት ለእሱ ይቀድማል፣ ጥላውም ይለቀቅለታል። እናቴ የጎንደር ልጅ ናት፤ ያቺን ቃል እንደ ማዕረግ ይዛት ኖረች። እዚያው ወልደን፣ እዚያው ቀብረን፣ እንግድነታችን መቼ እንደሚያልቅ የጠየቀ ከመሃላችን አልተገኘም። ሞኞች ነበርን።

አባቴ ከሞተ በኋላ ድርቅ ገባ። የጉድጓዱ ውሃ ሲሸሽ ጉባኤው የከብት ማጠጫውን ተራ እንደገና ሊደለድል ተቀመጠ። እኛ የያዝነው የዚያችን ጊደር ዘሮች ነው፤ የምንበላው ከወተታቸው ነው፤ ተራችን ከተነሳ ላሞቹም እኛም አለቅን። እናቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ምንም አልሰጋችም።

«እሳቸው እያሉ ማን ይነካናል?» አለችኝ።

ሴቶቹ ጋ ከኋላ ቆምን። ተራ በተራ ሲነገር ውሎ በመጨረሻ አባባ ተነሱ።

«እኚህ ኬሱማ ናቸው» አሉ፣ እጃቸውን ወደ እናቴ ዘርግተው። «ለኬሱማ የሚጠጣ ውሃ አይነፈግም። የከብት ተራ ግን ለቤት ልጅ ነው።»

በዚያችው ባከበሩን ቃል ጣሉን። እናቴ፣ «ጋሼ፣ ጊደሯን የሰጣችሁን ቀንስ ኬሱማ አልነበርንም?» አለች። ከሽማግሌዎቹ «ቅር ብሎኛል» ያለላት አልተገኘም። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ወርቁ እንኳ ለወርቅ አገሩ ለሻኪሶ ይሁን፣ እኔ የዚያን ቀን ዝምታቸውን ይቅር አላልኩም።

ከዚያ ምርቃቱ ተጀመረ። ሕዝቡ «ናጋ» ሲል ከጎኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ «ናጋ»። እናቴ ናት። ምርቃት ሲወርድ ዝም ማለት ነውር ነው ብላ ያሳደገችን እሷው፣ ከልማድ ብዛት በራሷ ላይ ተስማማች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ግን ተብሏል።

ለላሞቹ ይህን ማን ይንገራቸው? በድሮው ተራቸው ቀን ራሳቸው ወደ ጉድጓዱ ሄደው ከአጥሩ ውጭ ቆሙ፤ በዱላ መለሷቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ወደቁ። የመጨረሻዋን እኔና እናቴ ቀንዷን ይዘን ልናነሳት ስንታገል ሞተች።

ዝናብ ከመጣ በኋላ አባባ እንደ ዱሮው በራችን ላይ ቆሙ።

«አካም፣ ናጋ?»

እናቴ ናጋ አላለችም። በርጩማውን አቀረበችላቸው፤ ተቀመጡና እርጎአቸውን ጠበቁ። ጓዳ ገብታ በጣሳ ይዛ ወጣች፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ወደ አፋቸው አስጠግተው ቆም አሉ።

«ይጠጡ እንጂ ጋሼ» አለቻቸው። «ለኬሱማ የሚጠጣ ውሃ አይነፈግም።»