በአንድ ፊደል የተሾመው ልጅ

ሸዋርጋ የሸዋ ልጅ ናት። ሞረዳ የሚባል የነቀምቴ ሰው አግብታ ጨለለቂ ሰፈር ገባች፤ እዚያው ወለደች፣ እዚያው ባሏን ቀበረች። ኦሮምኛዋ ገበያ ውስጥ ማንንም ይረታል፤ ጆሮዋ ግን አንዳንዴ የቃሉን ጫፍ ይዘላል። አንድ ልጇን ጉሉማን የሾመው ይኸው ጆሮዋ ነው።

ጉሉማ ለሁለተኛ ዲግሪ ስዊድን ሊሄድ ሲነሣ አጎቱ ምን እንደሚማር ጠየቀው። «ቢዬ» አለ ልጁ። አፈር ማለቱ ነው፤ ትምህርቱ መንገድና ድልድይ የሚሸከመውን አፈርና ዐለት መመርመር ነበር። ጓዳ የነበረችው ሸዋርጋ የሰማችው ግን «ቢያ» ሲል ነው፤ አገር። አገር የተማረ ሰው ደግሞ አገር ከመግዛት ሌላ ምን ሥራ አለው? ሳምንት ሳይሞላ የነቀምቴ ሰው የወደፊት ገዥውን ስም አወቀ።

በ1962 ክረምት ጉሉማ ለመመረቂያ ጥናቱ መጣ። ወደ ዲጋ የሚወስደው መንገድ ዝናብ በመጣ ቁጥር ለምን እንደሚንሸራተት ሊመረምር ነው። ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ጎረቤታቸው ባቻ የድንበር አቤቱታውን ይዞ ከተፍ አለ።

«ጌታዬ ጉሉማ፣ ፍረድልኝ!»

«አያ ባቻ፣ እኔ እኮ የማውቀው አፈር ብቻ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ? የነጠቁኝ እሱኑ ነው!»

ትምህርቱ አፈር እንጂ አገር መግዛት እንዳልሆነ እስኪጣራ ጊዜ ወሰደ፤ ከተጣራ በኋላ ግን ሳቁ ገበያ ለመድረስ አልዘገየም።

ሸዋርጋ ሳቁን ልትችለው ትችል ነበር፣ ልጇ ትንሽ ቢረዳት። እሱ ግን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ ከረጢት አፈር ተሸክሞ በዚያው በገበያው መሐል አቋርጦ ገባ። አልበቃ ብሎት ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ሊለካ አፈሩን በእሷ ድስት ቆላው። የተረፈውን አርጥቦ በመዳፉ እያድበለበለ፣ ሳይበጠስ ምን ያህል እንደሚቀጥን ማየት ጀመረ።

«አፈር አስበላኸኝ!» አለችው። ከዚያ ወዲያ አኮረፈች።

ኩርፊያዋ የከፋ ነበር። ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ቃል ግን የለም። ጉሉማ እናቱን በኦሮምኛ «አዮ» እያለ፣ «ሳትመርቂኝ አልሄድም» ሲል ለመናት፤ ፊቷን አዞረች። እሷም ብትሆን አንጀቷ እያረረ ነበር፤ ግን ለዚያ ሁሉ ሰው «ልጄ ገዥ ይሆናል» ያለች አፍ በምን ትከፈት?

በሚሄድበት ቀን ምሳ አቀረበችለት። ጉሉማ ሳህኑን አየና፣ ሳትመርቀው እህል አልወርድ ስላለው እጁን ሰበሰበ። አውቶቡሱ እየጠበቀው ነው። ሰረቅ አድርጋ አየችው፤ አንገቱ ቀጥኖ ቀጥኖ ልክ የአባቱን መስሏል። የስዊድን ብርድ፣ የሰው አገር ምግብ፣ ብቻውን የሚያድርበት ቤት ሁሉ ባንዴ ታሰባት።

«አፈር ስሆን፣ አንዲት ጉርሻ!» አመለጣት።

ጉሉማ ቀና አለ። ሊስቅ ፈለገ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ።

«አዮ፣ አንቺ አፈር የሆንሽ ዕለትማ እኔ ይህን ትምህርት እተወዋለሁ። እጄ አፈር አይነካም።»

ሸዋርጋ እንጀራውን ጠቀለለች።

«እንግዲያው ጨርሰህ እስክትመጣ አልሞትም» አለችው፤ «ሂድ፣ ተማር።» ጉርሻውንም በእጇ አጎረሰችው።