ጭንብሉን ለሁሉም ያነሱ ነበር

አያቴ ሰው ሳይመርቁ አይሸኙም ነበር። ሳንባቸው ደክሞ፣ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ውስጥ ጭንብል አስረው በማሽን መተንፈስ ከጀመሩ በኋላም ይህን ልማዳቸውን አልተዉም። ጭንብሉ ከፊታቸው ሲነሳ ማሽኑ ይጮሃል። እሳቸው ግን ለግቢው ጥበቃ እንኳ ሳይቀር ያነሱትና፣ "አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ልጆችህን ያሳድግልህ" እያሉ ትንፋሻቸው እስኪቆራረጥ ይመርቁት ነበር።

ለእኔ ግን አንድም ቀን አላነሱትም። ከየካ አባዶ ታክሲ ቀያይሬ መጥቼ ጉልበታቸውን ስስም፣ እጄን ጨበጥ አድርገው ዝም ይላሉ። በጥበቃው ቀናሁ። እውነቴን ነው፣ ሰላምታውን መመለስ እስኪያስጠላኝ ድረስ ቀናሁ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ የተመረቀውን ሲያወራ አላስችል ቢለኝ አክስቴን ጎትቼ፣ "እኔን ለምን ነፈጉኝ?" አልኳት።

"ማሽኑ የገባ ቀን ውሃ ሊጠጡ ጭንብሉን ሲያነሱ ጮኸ፤ አንቺ የሞቱ መስሎሽ እሪ አልሽ። ረሳሽው? ከዚያ ወዲያ፣ 'እሷ ካለች አላነሳውም፣ ትደነግጥብኛለች' አሉ" አለችኝ።

ማሽኑ ለአከራዩ ተመልሷል፤ የነበረበት ጠረጴዛ ባዶውን ቆሟል። ጥበቃው ዛሬም በር ሲከፍትልኝ እቀናበታለሁ። አባባ፣ ምናለ ይጩህ ብለው ቢተዉት! እየደነገጥኩም ቢሆን እመረቅ ነበር።