የጉሎ ነዳጅ

እህቴ ስምንት ዓመት አረብ አገር የሰው ቤት ስታጥብ ኖራ ይዛ የመጣችው አንድ የናፍጣ ወፍጮ ነው። መካነ ሰላም ገበያው ዳር ተከለችውና «በቃኝ! ከእንግዲህ ልጄን ትቼ የትም አልሄድም፣ ወላሂ!» አለች። ልጇ ያኔ አስር ዓመቷ ነው፤ እናቷን የምታውቃት በስልክ ድምፅ ነበር።

ክረምት ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆነና ከደሴ ናፍጣ የሚያመጡት መኪኖች ቀሩ። ወፍጮው ቆመ። እህል ያዘሉ ሴቶች ደጃፏ እየደረሱ ናፍጣ ቀድሞ ወዳከማቸው ሌላ ወፍጮ ያልፋሉ። እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ! ራዲዮው ጠዋት ማታ ስለ ባዮዲዝል የሚለፈልፍበት፣ ካድሬው በየስብሰባው «ጉሎ ትከሉ» የሚልበት ዘመን ነው። ምነው ዝም ባልኩ! «እታለም፣ ነዳጁን እኔ እሠራልሻለሁ» አልኳት።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ነው። ዘይትን ከአልኮል ጋር እያሞቅህ የተቃጠለ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ትጨምርበታለህ። ዱቄቱ ሥራውን ያፋጥንና ከታች ይዘቅጣል፤ አጥልለህ ደግመህ ትጠቀምበታለህ። ቅርፊቱን ከየቤቱ ለቃቅሜ አንጥረኛ ዘንድ በወናፍ ነጭ እስኪሆን አቃጠልኩት። አልኮሉን ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ቀነስኩ፤ አዎ፣ ቀነስኩ። መጀመሪያ ከሱቅ በተገዛ ዘይት በጠርሙስ ሞከርኩት። ኩራዝ ላይ ጨምሬ ብለኩሰው ነደደ! እህቴ «አላሁ አክበር!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ለወፍጮው ግን የሱቅ ዘይት ማን ይችለዋል? ከዓባይ በረሃ በኩል ጉሎ በጆንያ አስመጣች። እንዳገራችን ወግ ቆላችው፣ ወቀጠችው፣ ውሃ ላይ አፍልታ ዘይቱን በጭልፋ ገፈፈችልኝ። ውሃ ላይ! ዘይቱ ውስጥ ውሃ ከቀረ ሁሉም ሳሙና እንደሚሆን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ የማስተምረው እኔው ነኝ። ደግሜ አሙቄ ላደርቀው ይገባኝ ነበር። እሷ «አልደረሰም?» ትለኛለች፣ ሴቶቹ ደጅ ቆመዋል፤ ቸኮልኩና ሳላደርቀው አልኮሉንና ዱቄቱን ጨመርኩበት። ደፍረስ ወፈር ሲልብኝ «ጉሎ መቼም ወፍራም ነው» አልኩና በነጠላ አጥልዬ ሞተሩ ውስጥ ጨመርኩት።

ተነሳ። እልልታው ቀለጠ። አንድ ቁና እንኳ ሳይፈጭ ሁለቴ አስነጠሰና ጸጥ አለ።

ከአቀስታ የመጣው መካኒክ የሞተሩን ነዳጅ ፓምፕ ፈታ፤ ከውስጡ በጣቱ ዝቃጭ ዛቀና አሸተተው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሳሙና ነው። ልብስ ሊያጥቡበት ነበር?» አለኝ። ፓምፑ ተበላሽቷል፣ በአዲስ መለወጥ አለበት። እሷ እጅ ላይ ደግሞ የቀረ ብር የለም።

ለጠየቃት ሁሉ «ዓይን በልቶብኝ ነው» ትላለች። አንድም ቀን «ወንድሜ ነው» አላለችም። አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ፤ አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። ምነው በሰደበችኝ!

በጥቅምት ወደ አረብ አገር የምትመለስበት ቪዛ መጣ። መናኸሪያው ድረስ ሻንጣዋን ተሸከምኩላት። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ አልለቅ አለች። አላስቻለኝም።

«እታለም፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ አትሂጂ» አልኳት።

«እሺ፣ ልቅር» አለች። «ቀርቼ ምን ልሥራ? የተማርከው አንተ ነህ፣ ንገረኝ።»

እያላገጠችብኝ አልነበረም። ዓይን ዓይኔን እያየች ከልቧ ጠበቀችኝ። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ሻንጣዋን አነሳሁና ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ለቆመው ረዳት አቀበልኩት።